ተበደረ ወይስ አበደረ? የሚምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በጋራ መገልገያ ቤታችን እንግሊዝኛ የሚማሩ ጎረቤቶቼ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው የሰጡኝ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ቦሮው» እና «ሌንድ» ይምታቱብኛል። አለቃዬን እስክሪብቶ ስጠይቅ «ካን ዩ ቦሮው ሚ» ብዬ ተሳቀብኝ።

መልስ፦ ሊሳቅብህ አይገባም ነበር፤ ስህተቱ ከአፍ መፍቻ ቋንቋህ የመጣ ነው። እኛ አንዱን ግስ ይዘን መነሻውን ብቻ እንለውጣለን፤ «ተበደረ»፣ «አበደረ»። እንግሊዝኛ ግን ለየብቻ ቃል አለው። ወሳጁ «ቦሮው» ያደርጋል፣ ሰጪው «ሌንድ»። ስለዚህ «ካን ዩ ሌንድ ሚ» ወይም «ካን አይ ቦሮው» በል። «ተማረ» እና «አስተማረ»ም እንደዚሁ ናቸው፤ አንዱ «ለርን»፣ ሌላው «ቲች»።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ታካሚን አልጋው ላይ ተጋደም ለማለት «ላይ ዳውን» ነው ወይስ «ሌይ ዳውን»?

መልስ፦ «ላይ ዳውን» ነው፣ ሲስተር። ይህ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ጭምር የሚሳሳቱበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። «ላይ» ተጋደመ፣ «ሌይ» አጋደመ ነው። ታካሚው ራሱ ሲተኛ «ላይ»፤ አንቺ ሕፃኑን አቅፈሽ አልጋው ላይ ስታስተኚው «ሌይ»። እንግሊዝኛም በጥንት ዘመኑ የእኛን «አ» የመሰለ ብልሃት ነበረው፤ የቃሉን አናባቢ ቀይሮ አድራጊውን አስደራጊ ያደርገው ነበር። «ሲት» ተቀመጠ፣ «ሰት» አስቀመጠ የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። አስቸጋሪው ነገር የ«ላይ» ኃላፊ ጊዜ ራሱ «ሌይ» መሆኑ ነው። ትናንት ተጋደመ ለማለት «ሂ ሌይ»፣ ትናንት ልጁን አጋደመው ለማለት «ሂ ሌይድ»። ይህቺን ደብተርሽ ላይ ጻፊያት፤ በቃል ብቻ ከያዝሻት ታመልጥሻለች።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኢኮኖሚክስ ስጽፍ «ራይዝ» እና «ሬይዝ» ግራ ያጋቡኛል።

መልስ፦ እዚህ ላይ የሚያሳስትህ «ጨመረ» የሚለው ግስ ነው። «የጤፍ ዋጋ ጨመረ» እንላለን፤ «ነጋዴው ዋጋ ጨመረ»ም እንላለን። አማርኛው በአንድ ግስ ሁለቱንም ሲችል እንግሊዝኛው ይለያቸዋል። ዋጋው ራሱ ከወጣ «ራይዝ»፤ ያወጣው ሰው ከተጠቀሰ «ሬይዝ»። «ሬይዝ» ከስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ቃል ነው፤ ትርጉሙም እዚያው ሳለ «አነሣ» ነበር። ፈተና ላይ ከመጻፍህ በፊት «ማን ጨመረው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልስ ካገኘህ «ሬይዝ» ነው።

ጥያቄ፦ «ሂር» እና «ሊስን»ስ?

መልስ፦ «ሰማ» እና «አዳመጠ»። አማርኛህን ተከተል፤ እዚህ አያሳስትህም።

ጥያቄ፦ ትምህርቱ ሰለቸኝ ለማለት «አይ አም ቦሪንግ» ብል ስህተት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ «እኔ አሰልቺ ነኝ» ማለትሽ ነው። የሰለቸው ሰው «ቦርድ» ነው፤ «ቦሪንግ» የሚያሰለቸው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ አሜሪካ ናት፤ አማርኛ አትችልም። ስትደውል «ናፈቅሽኝ» ልላት ብዬ «ዩ ሚስ ሚ» አልኳት። ዝም አለች።

መልስ፦ እማማ፣ ያሏት «አንቺ እኔን ናፍቀሻል» ነው። በአማርኛ ናፋቂው ከግሱ ጫፍ ላይ «ኝ» ሆኖ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን ፊት ይቆማል። «አይ ሚስ ዩ» ይበሏት። አውቶቡስ አመለጠኝም በዚሁ መንገድ «አይ ሚስድ ዘ ባስ» ነው። «ሎስት» እዚህ አይገባም፤ እሱ የቤት ቁልፍ ሲጠፋብዎት ነው። ሦስቱን ቃላት በአማርኛ ፊደል በትልቁ ጽፌልዎታለሁ። ወረቀቷን ስልኩ አጠገብ ያኑሯት፤ ዛሬ ማታ ስትደውል ያነቡላታል።