ጥላ የማይጥል ዘንግ፦ የተማሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ድሬዳዋና ሐረር ላይ ሆናችሁ ራሳችሁ ልትፈትኗቸው የምትችሉትን አስቀድሜያለሁ።

"ሐረር ከድሬዳዋ ከፍ ያለች ናት። ለፀሐይ የምትቀርበው እርሷ ሆና ሳለ ለምን ትቀዘቅዛለች?" (የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሳቢያን)

መቅረቡንስ ትቀርባለች፣ ግን በ700 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ ያለችው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ስለሆነ ይህ ከቁጥር አይገባም። አየሩን በአብዛኛው የሚያሞቀው ከሥሩ ያለው መሬት ነው፤ ፀሐይ መሬቱን ታግላለች፣ መሬቱ ደግሞ አየሩን። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ የሚጫነው ነገር ስለሚቀንስ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥም ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የ4 እና የ5 ዲግሪ ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው።

ከሐረር ስትመለሺ፣ መንገዱ ወደ ድሬዳዋ ከመውረዱ በፊት ባለው ከፍታ፣ ደንገጎ ላይ፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊው። ድሬዳዋ ስትደርሺ ጎኑ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ታገኚዋለሽ። የጨመቀው የድሬዳዋ አየር ነው።

"አያቴ ሐረር ላይ ባቄላ ሲቀቅሉ እኛ ቤት ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ይወስዳል። ጥፋቱ የከሰሉ ነው የባቄላው?" (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከከዚራ)

የሁለቱም አይደለም። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው እንደ ጅቡቲ ባለ ባሕር ዳርቻ ነው። ድሬዳዋ ላይ በ96፣ ሐረር ላይ ደግሞ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከላይ የሚጫነው አየር እየሳሳ ሲሄድ ውሃው ቶሎ ይፈላል። አንዴ ከፈላ በኋላ ምንም ያህል ከሰል ቢጨመር ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፣ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ሐረር ላይ ባቄላው የሚበስለው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ አያትህ ባቄላውን ከዋዜማው ይዘፍዝፉት፤ ድስቱ ከፈላ በኋላም ክዳኑን ገጥመው እሳቱን ይቀንሱ። ባቄላው እኩል ይበስላል፣ ከሰሉም ይተርፋል።

"ግመል ውሃ የሚያጠራቅመው በሻኛው ነው?" (የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከገንደ ቆሬ)

አይደለም፤ ሻኛው ስብ ነው። ግመል ውሃን የሚቆጥበው ባለማባከን ነው። የሰውነቱ ሙቀት ቀን ላይ ብዙ ዲግሪ ከፍ እንዲል ስለሚታገሥ ቶሎ አያልበውም። ውሃ ሲያገኝ ደግሞ በሩብ ሰዓት ውስጥ 100 ሊትር ሊጠጣ ይችላል።

"መጽሐፍ ላይ ቀትር ሲሆን ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላል። በትምህርት ቤታችን ግቢ ግን ሰኔ ላይ የባንዲራው ምሰሶ ጥላ ወደ ደቡብ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ?" (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከድሬዳዋ)

አልተሳሳትሽም! ይህ ጥያቄ ልቤን ነክቶታል፤ ከመጽሐፉ ይልቅ ዓይንሽን አምነሻልና። መጽሐፉ ያለው ከእኛ ርቀው በሰሜን ለሚኖሩ ሰዎች ልክ ነው። ድሬዳዋ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ላይ ታልፋለች፦ ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 ገደማ። በእነዚህ ቀናት መካከል የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜናችን ናት፤ ስለዚህ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል።

የ1 ሜትር ዘንግ በክር ቱንቢ አስተካክላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ሰኔ 14 ቀትር ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ደግሞ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን። ሚያዝያ 7 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ገደማ ግን ጥላው ተሰብስቦ ዘንጉ እግር ሥር ይገባል። ሐረር ትንሽ ወደ ደቡብ ስለሆነች ይህን በአንድ ቀን ቀድማ ታያለች። የነሐሴው ቀን ደመና ሊጋርደው ስለሚችል ሚያዝያን አትለፉት።

ከ2,200 ዓመት በፊት ኤራቶስቴንስ የተባለ ሊቅ የምድርን ዙሪያ የለካው በዚሁ ዘዴ ነበር። የዛሬዋ አስዋን ላይ ጥላ በሚጠፋበት ቀን እስክንድርያ ላይ ያለውን ጥላ ለካ። እናንተም ትችላላችሁ። መቀሌ ጓደኛ ያላችሁ፣ ሚያዝያ 7 ቀን ጥላው እጅግ ባጠረበት ቅጽበት የ1 ሜትር ዘንጉን ጥላ ይለካላችሁ፤ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያገኛል። ይህ ወደ 4 ዲግሪ ማዕዘን ነው፣ ማለትም የአንድ ሙሉ ክብ 90ኛ እጅ። መቀሌ ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን 430 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለችና በ90 አባዙት። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ምን ያህል እንደቀረባችሁ ጻፉልኝ።

"ታናሽ ወንድሜ ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ይጫወታል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ይመጣል የሚሉት እውነት ነው?" (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከድሬዳዋ)

እውነት ነው። ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ውሃውን የሚያገኘው በስተ ደቡብ ካሉት ተራሮች ነው። እዚያ የወረደው ዝናብ ራቁቱን የቀረውን ቁልቁለት ይዞ፣ ከየሸለቆው እየተጠራቀመ፣ ከተማው አንዲት ጠብታ ሳያይ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመግፋት ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጉልበት ድረስ ብቻ ነው ብሎ መሻገር አይገባም።

ወንድምህ ኳሱን ከማንሳቱ በፊት ወደ ደንገጎ በኩል ይመልከት። እዚያ ላይ ከጠቆረ፣ የዚያን ቀን ጨዋታው ሌላ ሜዳ ላይ ይሁን።