ጥያቄና መልስ፦ ከርነሉ ቲሲፒ ላይ ለምን ይወድቃል?

ጥያቄ፦ የድርጅታችን ድረ ገጽ የሚሠራው በሊኑክስ ሰርቨር ነው። ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ከምንጭ ኮዱ የገነባነው ራሳችን ስንሆን ቁጥሩ 4.14.98 ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሞብናል። ስክሪኑ ላይ የቀረውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስተናል። ሦስቱም ጊዜ «ከርነል ባግ» ብሎ የቲሲፒን (በኔትወርክ ዳታ የሚላላክበትን ደንብ) ኮድ የያዘውን ቲሲፒ_ኢንፑት.ሲ የሚባለውን ፋይል ይጠቅሳል፤ ከሥሩ «ኢንቫሊድ ኦፕኮድ» ይላል፤ አርአይፒ (ፕሮሰሰሩ የነበረበት የኮድ ቦታ) በሚለው መስመር ላይ ቲሲፒ_ሺፍትድ_ኤስኬቢ ተጽፏል። ያየው ባለሙያ «ፕሮሰሰሩ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» ብሎናል። እውነት ነው?

መልስ፦ ፕሮሰሰሩን አይንኩት። «ኢንቫሊድ ኦፕኮድ» ብዙ ሰው ያሳስታል። የከርነል ጸሐፊዎች ፈጽሞ ሊሆን አይገባም ያሉትን ነገር ባግ_ኦን በሚባል ፍተሻ ይጠብቁታል። ፍተሻው ሲነካ ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ዓይነት) ፕሮሰሰር ላይ ሆን ተብሎ ዩዲ2 የሚባል ሕገ ወጥ ትእዛዝ ይፈጸማል፤ ፕሮሰሰሩ የሚያሰማው አቤቱታ ያንን ነው። የራም ብልሽት ቢሆን ደግሞ አወዳደቁ በየጊዜው ቦታ ይቀያይር ነበር እንጂ ሦስቴ አንድ ፈንክሽን ላይ አያርፍም።

ምልክቱ ከከርነልዎ ቁጥር ጋር ሲገጣጠም የሚያሳየው በሰኔ 2019 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነውን፣ ኔትፍሊክስ ያገኘውን «ሳክ ፓኒክ» ነው፤ በሲቪኢ (የታወቁ የደኅንነት ክፍተቶች መዝገብ) መለያው ሲቪኢ-2019-11477 ነው። ከ2.6.29 ጀምሮ የነበረ ስሕተት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳክ ተቀባዩ «ይሄ ይሄ ደርሶኛል፣ መሐል ያለው ቀርቷል» የሚልበት የቲሲፒ መንገድ ነው። ላኪው ከርነል ደርሰዋል የተባሉ ጎረቤት ቁራጮችን ሜሞሪ ለመቆጠብ ወደ አንድ ኤስኬቢ (ከርነሉ ፓኬት የሚይዝበት የሜሞሪ መዋቅር) ያዋህዳቸዋል፤ በውስጡ ስንት ሴግመንት (የቲሲፒ ቁራጭ) እንዳለ የሚይዘው ቆጣሪ ግን 16 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ65,535 አያልፍም። አንድ ኤስኬቢ 17 ክፍልፋይ ይይዛል፤ ኤክስ86 ላይ እያንዳንዱ እስከ 32 ኪሎባይት ይደርሳል። ማዶ ያለው ወገን ኤምኤስኤስን (የአንድ ሴግመንት ትልቁን መጠን) 48 ባይት ካደረገና 40 ባይቱን የቲሲፒ አማራጮች ከወሰዱት ለዳታ የሚተርፈው 8 ባይት ነው። 17 ጊዜ 32,768 ለ8 ሲካፈል 69,632 ይመጣል። ቆጣሪው ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል፣ ሒሳቡ አይገጥምም፣ ባግ_ኦን ከርነሉን ይጥለዋል። መደበኛ ስልክም ሆነ ኮምፒውተር 48 አይጠይቅም (በኢተርኔት የተለመደው 1460 ነው)፤ ስለዚህ ሰርቨርዎን ሆን ብሎ የሚነካካ ሰው እንዳለ ይቁጠሩ።

ዛሬውኑ፦ /ፕሮክ/ሲስ/ኔት/አይፒቪ4/ቲሲፒ_ሳክ ውስጥ 0 ይጻፉ፤ ሪቡት ሲደረግ እንዳይጠፋ በሲስሲቲኤል (የከርነል ቅንብር) ፋይሉም ያስገቡት። ሳክ የሚስማሙበት ግንኙነት ሲከፈት ስለሆነ ቀድሞ የተከፈቱት እንዳሉ ይቀጥላሉ፤ ድረ ገጹን የሚያስተናግደውን ሰርቪስ ዘግተው ይክፈቱት። ዋጋ አለው፦ ፓኬት በሚጠፋበት መስመር ላይ ፍጥነቱ ይወርዳል። ያ ካስቸገረዎ በምትኩ በአይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ኤምኤስኤሳቸው ከ1 እስከ 500 የሆኑ የቲሲፒ ጥያቄዎችን ይጣሉ፤ ለአይፒቪ6 የተለየ ሕግ ያስፈልጋል፣ ቲሲፒ_ኤምቲዩ_ፕሮቢንግ የሚባለው ቅንብርም 0 መሆን አለበት። ሁለተኛው መንገድ ጠባብ መስመር ላይ ያሉ እውነተኛ ደንበኞችንም ሊቆርጥ ስለሚችል እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለን።

ዘላቂው መፍትሔ ፓቹ (ስሕተቱን የሚያርመው የኮድ ለውጥ) ነው። በ4.14 መስመር የገባው በ4.14.127 ነው (በ4.9 በ4.9.182፣ በ4.19 በ4.19.52፣ በ5.1 በ5.1.11)። የሚያደርገው ቀላል ነው፦ ውሕደቱ 65,535 ሴግመንት ወይም 65,535 ጊዜ 8 ባይት የሚያልፍ ከሆነ አያዋህድም። ሆኖም 4.14 ራሱ በጥር 2024 በ4.14.336 ስላበቃ ድጋፍ ወዳለው መስመር ቢሻገሩ ይሻላል። የድሮውን ኮንፊግ (የከርነሉን ምርጫዎች የያዘውን ፋይል) ወደ አዲሱ ምንጭ ኮድ ገልብጠው «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» ይበሉ፤ የድሮውን ከርነል ግን ከግረብ (ከርነሉን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ዝርዝር አያጥፉት። ከተነሣ በኋላ እዚያው አይፒቪ4 ማውጫ ውስጥ ቲሲፒ_ሚን_ኤስኤንዲ_ኤምኤስኤስ የሚባል ፋይል ይፈልጉ፤ ከዚሁ ፓች ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ ካገኙት ሳክን መልሰው 1 ያድርጉት።

ለወደፊቱ በስልክ ፎቶ አይመኩ። በግረብ መስመር ላይ ክራሽከርነል ብለው 256 ሜጋባይት ይመድቡና ኬደምፕን ያብሩ፤ ከርነሉ ሲወድቅ የሜሞሪው ቅጂ ዲስክ ላይ ይቀርልዎታል።

ጥያቄ፦ አገልግሎቶቻችን በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ናቸው፤ ኮንቴይነሮቹን አፕዴት ብናደርግ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ኮንቴይነር የራሱ ከርነል የለውም፣ የአስተናጋጁን ነው የሚጠቀመው። ፓቹ እዚያ ይግባ። የዲስትሮ ከርነል ከሆነ ቁጥሩን አይመኑ፤ ኡቡንቱም ሆነ ሬድ ሃት ቁጥሩን ሳያሳድጉ ፓቹን ብቻ ወደኋላ ያስገባሉ። የፓኬጁን የለውጥ መዝገብ ከፍተው ሲቪኢ-2019-11477ን ይፈልጉ።

ጥያቄ (ከሌላ ጠያቂ)፦ እኛ በ2019 ክረምት አፕዴት አድርገን ነበር፤ መውደቁ ቆመ፣ ግን አንድ ፕሮግራማችን ግንኙነቱ መሐል ላይ ይንጠለጠላል።

መልስ፦ ፕሮግራሙ የመላኪያ ባፈሩን በጣም አሳንሶ ይሆናል። ከፓቹ ጋር አብሮ የመጣው የሜሞሪ ገደብ መጀመሪያ ላይ ከልክ በላይ ጥብቅ ነበር። ኤንስታት በሚባለው የኔትወርክ ቆጣሪዎች ማሳያ ትእዛዝ ውስጥ ቲሲፒ_ደብሊውኪው_ቱቢግ የሚለው ቆጣሪ እየጨመረ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው፤ ቆየት ብለው የወጡት ከርነሎች ገደቡን አላልተውታል። ለጊዜው የባፈሩን መጠን የሚወስነውን መስመር ከፕሮግራሙ ያውጡት፣ ከርነሉ ራሱ ይመድበዋል።