ዕድሜ ልክ ይከፈላል ስለሚባለው የፖከር ኮሚሽን፦ ለኮምቦልቻው ጠያቂ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። አንድ የውጭ የኦንላይን ፖከር (በካርታ የሚካሄድ ቁማር) ድርጅት በአንተ ሊንክ ገብቶ ከሚጫወት ሰው ከሚያገኘው ገቢ 30 በመቶ ዕድሜ ልክ እንደሚከፍልህ ቃል ገብቶልሃል። አንተ ደግሞ በየአገሩ አዲስ የቁማር ሕግ ወጣ ሲባል ሰምተህ «እኔ ኮምቦልቻ ተቀምጬ የእነሱ ሕግ ምን ያደርገኛል?» ትላለህ። እኔም ደሴ ፒያሳ አጠገብ በነበረችኝ የኮምፒውተር ቤት ቁጭ ብዬ ይህንኑ ስል ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ስለሠራሁበት፣ ከሕጉ በፊት ኪሴ ላይ ካየሁት ልጀምር።

የሥራው ስም አፊሊየት ይባል እንጂ በእኛ አገር ቋንቋ ደላላነት ነው። ነገር ግን ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ያሻሻጠ ደላላ ገመዱ ከሻጭ እጅ ወደ ገዢ እጅ ሲያልፍ ድርሻውን ተቀብሎ ቡናውን ሊጠጣ ይሄዳል። የፖከር ደላላ ግን ግመሉ በሄደበት አገር በተጫነ ቁጥር ድርሻ ይላክልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው። ስለዚህ እንጀራው የተንጠለጠለው ግመሉ በደረሰበት አገር ሕግ ላይ ነው። ይህ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

14 ተጫዋቾች ነበሩኝ። ስድስቱ ጀርመን የሚኖሩ አብሮ አደጎቼና የእነሱ ጓደኞች ሲሆኑ፣ ከወር ገቢዬ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከእነዚሁ ስድስት ሰዎች ነበር። (እናቴ የሞባይል ካርድ እያከፋፈልሁ የምኖር ይመስላት ነበር። አላረምኋትም።) ሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሐምሌ 1 ቀን 2021 ማለት ነው፣ 16ቱ የጀርመን ክፍላተ ግዛት የተስማሙበት አዲስ የቁማር ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ለኦንላይን ፖከር ፈቃድ የሚሰጥ ነው ሲባል እኔ ደሴ ሆኜ ደስ አለኝ። ተፈቀደ ማለት ሰፋ ማለት መስሎኝ ነበር።

የተፈቀደበትን ሁኔታ እየው። አንድ ተጫዋች በመደበኛው በሁሉም ድርጅቶች በድምሩ በወር ከ1,000 ዩሮ በላይ ማስገባት አይችልም። የፖከር ማስታወቂያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በቴሌቪዥንም በኢንተርኔትም አይለቀቅም። በጨዋታው መደብ ላይ ደግሞ 5.3 በመቶ ግብር ተጣለ። 5 በመቶ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ አንድ ጊዜ አብረን እናስላው። ሰውዬው 100 ዩሮ ከፍሎ ውድድር ይገባል እንበል። ከዚያ ላይ ቤቱ፣ ማለትም አጫዋቹ ድርጅት፣ ለራሱ የሚቆርጠው 10 ዩሮ ነው፤ ቀሪው ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል። ግብሩ የሚሰላው ግን ቤቱ ከቆረጠው 10 ዩሮ ላይ ሳይሆን ከ100ው ላይ ስለሆነ 5 ዩሮ ገደማ ይሄዳል። ድርጅቱ ግብሩን ከራሱ ከከፈለ የሚተርፈው 5 ነው፤ የእኔ 30 በመቶም ከ3 ዩሮ ወደ 1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ይወርዳል ማለት ነው። ግብሩን በተጫዋቹ ላይ ካዞረው ደግሞ ተጫዋቹ ይሸሻል።

ይህስ ቢሆን የሚቻል ነበር። ቁርጡ የመጣው ከሌላ አንቀጽ ነው፦ በኢንተርኔት ሊንክ ተጫዋች ለሚያመጣ ሰው በገቢ፣ በተቀማጭ ወይም በመደብ መጠን የሚለዋወጥ ክፍያ መክፈል ተከለከለ። ድርሻ የሚባለው ነገር ራሱ ጠፋ ማለት ነው። ቋሚ የማስታወቂያ ክፍያ ይቻላል፤ ግን እንደ እኔ ያለ 14 ተጫዋች ያለውን ሰው ማን ቋሚ ክፍያ ይሰጠዋል?

ድርጅቱ ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ በኢሜይል ልኮልኝ ነበር፤ ረዥም ስለነበር ሳላነበው አለፍሁት። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ደረሰ፣ ኔትወርኩም ሄደ፣ እኛም ወጣን። በጥር ተመልሼ የቀረኝን አንድ ኮምፒውተር አስነስቼ ሒሳቤን ስከፍት ጀርመኖቹ ስድስቱ ከዝርዝሩ የሉም። የቀሩት ስምንቱ ስማቸው አለ፤ በእያንዳንዳቸው ፊት ግን ዜሮ ተጽፏል። ብጠይቅ፣ በ90 ቀን ውስጥ አዲስ ሰው ያላመጣ አጋር ድርሻው ይቋረጣል የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ገጽ 11 ላይ እንዳለ ነገሩኝ። ከፍቼ አየሁት፤ በእርግጥ አለ። «ዕድሜ ልክ» የሚለው ገጽ 1 ላይ ነበር።

እኔ ብቻ የደረሰብኝ አይምሰልህ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው ሕግ ተጫዋቹን ሳይነካ ከባንክ ወደ ቁማር ድርጅት የሚሄደውን ክፍያ ነው ያነቀው። በዚያ ሳቢያ ፓርቲጌሚንግ የተባለው የኦንላይን ፖከር ድርጅት አሜሪካውያንን ሲያስወጣ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ከግማሽ በላይ ወረደ፤ አሜሪካውያንን ያመጡለት ደላሎች ድርሻም አብሮ ሄደ። በኒው ጀርሲ ዛሬ ድርሻ የሚቀበል ደላላ ራሱ ከቁማር ተቆጣጣሪው ፈቃድ ማውጣት አለበት። በብሪታኒያ ደላላው ለሚጽፈው ማስታወቂያ ተጠያቂው ባለ ፈቃዱ ድርጅት ነው፤ ስካይ ቤት የተባለው የውርርድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሩን የአፊሊየት ፕሮግራም ጠቅልሎ የዘጋው ይህ ሸክም ከብዶት ነው። ሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 በገንዘብ የሚካሄድ የኦንላይን ጨዋታን፣ ፖከርን ጨምሮ፣ ጭራሽ ከለከለች። እዚያ ተጫዋቹ አይቀጣም፤ የሚያስተዋውቀው ግን እስከ ሁለት ዓመት ሊታሰር ይችላል። የላክህልን ማስታወቂያ «የሕንድ ተጫዋቾች ተፈላጊ ናቸው» ይላል። እኔ ብሆን እዚያው ላይ አቆም ነበር።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ፣ ገንዘቡ በማን ስም እንደሚገባ ከአሁኑ አስብበት። የእኔ ውጭ ባለ የአክስቴ ልጅ ሒሳብ ነበር የሚገባው። እነዚህ ድርጅቶች በየአገሩ የገንዘብ ማጠብ ሕግ ስላለባቸው አንድ ቀን መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ የውሉ ስምና የሒሳቡ ስም ካልገጠመ ክፍያውን ያግዱታል። የሁለት ወር ገንዘቤ በዚሁ ምክንያት እንደታገደ ቀርቷል። ለሰፈር ልጆች ሊንኩን ለመበተን ካሰብህ ደግሞ ተወው። ለዕድል ጨዋታ ፈቃድ የሚጠየቀው ከሎተሪ መሥሪያ ቤት ነው፤ አንተ የምታስተዋውቀው የባሕር ማዶ ድርጅት ያ ፈቃድ ከሌለው፣ ነገር ሲመጣ ድርጅቱ ባሕር ማዶ ነው፣ አንተ ቦርከና ዳር ነህ።

አብሽር፣ ገና አልፈረምህም። ለድርጅቱ ጻፍና ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቀው፦ በየትኞቹ አገሮች ፈቃድ እንዳለው፣ የ30 በመቶው ስሌት ከግብሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ አዲስ ሰው ሳታመጣ ስንት ቀን ብትቆይ ድርሻህ እንደሚቋረጥ። መልሱንና የውሉን ሙሉ ቅጂ እዚህ ለጥፈው፣ ስምህን ሸፍነህ። እኔ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ አነብልሃለሁ።