ጋራዡን ቤት ልታደርጉ ለምታስቡ

ሰሞኑን አንድ ሎስ አንጀለስ ያለ ወጣት «ጋሼ፣ ጋራዣችንን ለእናቴ መኖሪያ ላደርገው አስቤ ነበር። ኮንትራክተሩ ግን ሌላ የመኪና ማቆሚያ ካልሠራህ ከተማው አይፈቅድም አለኝ። ልተወው?» ሲል ጠየቀኝ።

አትተወው። ይህችኑ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ቤተሰብ ጠይቆኝ «አይሆንም» ብዬ መልሻለሁ፤ መልሴ ስሕተት ነበር።

የዚያ ቤተሰብ ግቢ 50 በ120 ጫማ ነው። ከኋላ ጥግ ላይ 20 በ20 የሆነ ጋራዥ አለ፣ ከጎረቤት ወሰን የሚርቀው 2 ጫማ ብቻ ነው። 400 ካሬ ጫማ ማለት አንድ መኝታ፣ ትንሽ ኩሽናና ሻወር ቤት በደንብ የሚያወጣ ቦታ ነው፤ አዲስ አበባ ስንት ቤተሰብ ከዚያ ባነሰ ሰርቪስ ቤት ልጅ አሳድጓል። የከተማው የዞኒንግ ወረቀት፣ ማለትም በየቦታው ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ደንብ፣ ግን ሁለት ነገር ይጠይቅ ነበር፦ ጣሪያ ያላቸው ሁለት ማቆሚያዎች ይተኩ፣ ግድግዳው ከወሰኑ 5 ጫማ ይራቅ። ሌላ ጋራዥ የሚያርፍበት መሬት የለም፣ የቆመ ግድግዳም አይገፋም። ወረቀቱን አንብቤ ፋይሉን ዘጋሁት።

ያላነበብኩት የስቴቱን ሕግ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የጸናው የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ኤስቢ 1069፣ የሚተካው ማቆሚያ ጣሪያ ባይኖረውም፣ መኪኖቹ አንዱ ካንዱ ኋላ ቢቆሙም ይበቃል ይል ነበር። ነባር ጋራዥ ወደ መኖሪያ ሲለወጥ ከወሰን ይራቅ ተብሎ አይጠየቅም። ከዚህ የሚጋጭ የከተማ ደንብ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። የዚያ ቤት ድራይቭዌይ (ከመንገድ ወደ ጋራዡ የሚያስገባው መንገድ) ሦስት መኪና በተርታ ያስቆማል! እናትየው ከልጆቻቸው ርቀው ኪራይ ቤት ገቡ።

ሕጉን ባውቅ ኖሮ የሚቀረው ሥራ የዞኒንግ ሳይሆን የግንባታ ነበር። ከወሰን 5 ጫማ የማይሞላ ግድግዳ ለአንድ ሰዓት እሳት የሚቋቋም መሆን አለበት፤ ርቀቱ ከ3 ጫማ ካነሰ ደግሞ በዚያ በኩል መስኮት አይወጣም። ስለዚህ የመኝታው መስኮት ወደ ግቢው ይዞራል። በእሳት ጊዜ ሰው እንዲወጣበት፣ በምድር ቤት የሚከፈተው ስፋት ቢያንስ 5 ካሬ ጫማ፣ የታችኛው ጠርዙ ከወለል ከ44 ኢንች ያልበለጠ ይሁን። የድሮ ጋራዥ ወለል ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ ያዘነበለ ነው፣ ከሥሩም እርጥበት የሚከለክል ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ የለም። ይህን ሳያስተካክሉ ንጣፍ ያለበሱ ሰዎች በሁለተኛው ክረምት ንጣፉ ተነሥቶባቸዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ፍሳሹ ነው። ቱቦው በእያንዳንዱ ጫማ ሩብ ኢንች መውረድ አለበት። ጋራዡ ከዋናው መስመር 80 ጫማ ከራቀ 20 ኢንች ቁልቁለት ያስፈልጋል ማለት ነው። ዋናው መስመር ጥልቀቱ ያን ያህል ካልሆነ ፍሳሹን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ይገባል። ፓምፑ ወጪ ነው፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም ሽንት ቤቱ ይቆማል። ፕላን ከመሣሉ በፊት በካሜራ መታየት ያለበት ይህ ነው፤ የዘንድሮ ልጆች ግን መጀመሪያ የሚልኩልኝ የኩሽና ካቢኔት ፎቶ ነው።

ዛሬ ነገሩ ቀሏል። በካሊፎርኒያ ከ2020 ወዲህ ጋራዥ ወደ መኖሪያ ሲለወጥ የማቆሚያ ምትክ ጭራሽ አይጠየቅም። ከተማው ማመልከቻው በተሟላ በ60 ቀን ውስጥ ካልመለሰ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። «በተሟላ» የሚለው ቃል ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። የወሰን ርቀት ያልተጻፈበት የግቢ ፕላን ወይም የኃይል ቁጠባ ሪፖርት የጎደለው ፋይል ቢገባ ቆጠራው አይጀምርም። አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ከ750 ካሬ ጫማ በታች ላይ የኢምፓክት ክፍያ፣ ማለትም አዲስ ግንባታ በመንገድና በመሳሰለው ላይ ለሚያመጣው ጫና የሚከፈለው፣ የለም፤ ስለዚህ 760 ብሎ ለሚሥል አርክቴክት «749 አድርገው» በሉት። የፐርሚትና የፕላን ምርመራ ክፍያው ግን አይቀርም።

ቪዲዮ አይታችሁ የካሊፎርኒያን ሕግ ወደ ሌላ ስቴት አትውሰዱ። ዋሽንግተን ስቴት በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ሕጉ የሚመለከታቸው ከተሞች በአንድ ግቢ ሁለት እንዲህ ያሉ ቤቶችን መፍቀድ አለባቸው፣ ባለቤቱ እዚያው ይኑር ብለው ማስገደድም አይችሉም። ቨርጂኒያ ውስጥ ፌርፋክስ ካውንቲ ግን ከዋናው ቤት ተለይቶ ለሚቆም ቤት 2 ኤከር መሬት ይጠይቃል። ሜሪላንድ በ2025 ካውንቲዎቹ የየራሳቸውን ደንብ እንዲያወጡ አዟል፤ ስለዚህ እዚያ የካውንቲያችሁን አዲስ ደንብ እንጂ የጎረቤታችሁን የድሮ ልምድ አትጠይቁ።

ከተማ መሥሪያ ቤት መሄድን አትጥሉ። ገና ምንም ሳትሥሉ ሂዱ፤ መስኮት ላይ ያሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ ከኮንትራክተር የተሻለ ያውቃሉ። ግን የሚሏችሁን በአፍ ብቻ አትቀበሉ። «አይቻልም» ካሉ የየትኛው ደንብ የትኛው አንቀጽ እንደሚከለክል በኢሜይል ይጻፉላችሁ። እኔ የያዝኩት ወረቀት ቁጥርም ቀንም ነበረው፤ ቀኑን ብቻ ባየው ከአዲሱ ሕግ በፊት የታተመ መሆኑ ይገባኝ ነበር።

የጠየቅከኝ ልጅ፣ የማቆሚያውን ነገር እርሳው። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተህ የፍሳሽ መስመሩ ከመሬት ስንት ኢንች ጠልቆ እንደተቀበረና ከጋራዡ ስንት ጫማ እንደሚርቅ አስለካ። ሁለቱን ቁጥር ላክልኝ።