ስለ «ዋ» እና «ጋ» ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ሦስት ወር ጃፓንኛ ተምረሽ ቃላቱን እየያዝሽ፣ «ዋ»፣ «ጋ»፣ «ኒ»፣ «ዴ» ላይ ስትደርሺ ሁሉም ይምታታብኛል ብለሻል፤ የፓርቲክሎቹን (ከቃል ኋላ እየመጡ ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ሥራ የሚያሳዩትን የነዚህን አጫጭር ቃላት) ትርጉም የያዘ ሠንጠረዥ ያለው ሰው እንዲልክልሽም ጠይቀሻል። ሠንጠረዡ እኔም ነበረኝ። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው፤ ግድግዳ ላይ ለጥፌ አንድ ዓመት አፈጠጥኩበት፣ ምንም አልፈየደልኝም። ጃፓን ከገባሁ ዘንድሮ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ነገሩ የቀለለኝ እንግሊዝኛውን ትቼ በአማርኛ ማሰብ ስጀምር ነው።

ቀላሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። «ኦ» የኛ «ን» ናት። ልዩነቷ፣ እኛ «ቡናውን ጠጣሁ» ስንል እንጂ «ቡና ጠጣሁ» ስንል «ን» አንጨምርም፤ እነሱ ግን በሁለቱም ያስገቧታል (በወሬ ላይ ይተዋታል፣ አንቺ ፈተና ላይ ጻፊያት)። «ሞ» «ም» ናት፦ «ዋታሺ ሞ»፣ «እኔም»። «ካ» ደግሞ መጨረሻ ላይ የምትመጣዋ «ወይ» ናት፦ «ኪማሺታ ካ»፣ «መጣ ወይ»። «ኖ» እንደ «የ» ናት፤ እኛ ከባለቤቱ ፊት እንለጥፋታለን፣ እነሱ ከኋላው። «ሃ» ተጽፎ «ዋ» ለምን ይነበባል ላልሽው፣ እ.ኤ.አ. በ1946 አጻጻፋቸውን ሲያሻሽሉ ሦስት ፓርቲክሎችን በአሮጌው አጻጻፍ ስለተዉአቸው ነው። ልመጂውና እለፊ።

«ጋ» የገባችኝ «ገባኝ» በምትለው በራሷ ቃል ነው። «ጃፓንኛ ይገባኛል» ስትይ የሚገባው ማን ነው? ጃፓንኛው። አንቺ ተቀባይ ነሽ። እነሱም «ኒሆንጎ ጋ ዋካሪማሱ» ነው የሚሉት። በእንግሊዝኛ ያጠና ሰው እዚህ ላይ «ኦ» ይከታል፤ በዚያ ቋንቋ የሚረዳው ሰውዬው ነዋ! «ቡና አማረኝ» ስንልም ያማረው ቡናው ነው፦ «ኮሂ ጋ ሆሺይ»። «ኮሂ ጋ ሱኪ ዴሱ»ም እንዲሁ፤ እዚህ ላይ ግን «ቡና እወዳለሁ» የሚለው አማርኛችን ያሳስትሻል። «ራሴን አመመኝ»ም ያሳስታል፤ እኛ ራሳችን ላይ «ን» እናደርጋለን፣ እነሱ «አታማ ጋ ኢታይ» ነው።

አሁን ወደ ዋናው። የምሠራበት ቦታ አለቃችን ቅዳሜ ማን እንደሚገባ ጠየቀ፦ «ዳሬ ጋ?» እኔ ፈጥኜ «ዋታሺ ዋ ኢኪማሱ» አልኩ። ሰውዬው ዝም ብሎ ጠበቀ፤ የሚቀጥል ነገር ያለኝ መስሎት ነው። ያልኩት ለካ «እኔስ እሄዳለሁ (የሌሎቹን እንጃ)» ዓይነት ነገር ነው። ማለት የነበረብኝ «ዋታሺ ጋ» ነበር፤ «የምሄደው እኔ ነኝ» ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ፈተናዬ ይቺ ናት፦ አማርኛው «የ… ነው» ብሎ የሚመጣልኝ ከሆነ «ጋ»፣ «ስ» ወይም «ደግሞ» የሚስማማው ከሆነ «ዋ»።

በአበበ ቢቂላ ሞክሪው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮን ማራቶን ስላሸነፈ እነሱም ያውቁታል፣ «አቤቤ» ነው የሚሉት። ስለ አበበ እያወራን «አበበስ?» ብትይኝ፣ «አቤቤ ዋ ካቺማሺታ»፤ አሸነፈ። «ማን አሸነፈ?» ብትይኝ ግን «አቤቤ ጋ ካቺማሺታ»፤ ያሸነፈው አበበ ነው። ፈተናዬ ሁሌ አይሠራም። «አሜ ጋ ፉቴ ኢማሱ»፣ «ዝናብ እየዘነበ ነው» ሲሉ «የዘነበው ዝናብ ነው» ማለታቸው አይደለም፤ ዓይናቸው ያየውን አዲስ ነገር መናገራቸው ነው። ይሄኛው በጆሮ ነው የሚለመደው፣ እኔንም እስካሁን አልፎ አልፎ ይጥለኛል።

«ዴ» እና «ኒ» ላይ ጠላትሽ «በ» ናት። «በባቡር» «ዴንሻ ዴ» ነው፣ «በእርሳስ» «ኤንፒትሱ ዴ»፤ እስከዚህ ጥሩ። «በቶኪዮ እሠራለሁ»ም «ቶኪዮ ዴ»። «በቶኪዮ እኖራለሁ» ስትይ ግን «ቶኪዮ ኒ» ይሆናል። መኖርና መገኘት «ኒ»፣ ሥራና ድርጊት «ዴ»። እኔ ለስድስት ወር «ቶኪዮ ዴ ሱንዴ ኢማሱ» እያልኩ ራሴን አስተዋውቄያለሁ፣ ማንም አላረመኝም። ጨዋ ሕዝብ ነው፣ አያርሙሽም፤ ስለዚህ አርሙኝ ብለሽ ለምኚ።

መጨረሻ ላይ ስለሚመጡት «ኔ» እና «ዮ» አልጠየቅሽም፣ ግን ልንገርሽ። «ኔ» «አይደል?» ናት፦ «ሳሙይ ዴሱ ኔ»፣ «ይበርዳል አይደል?» ደጋግመሽ ተጠቀሚባት፣ ሰው ታቀርባለች። «ዮ» ደግሞ «እኮ» ናት፣ እሷን በልክ። ያው አለቃዬ አንድ ሥራ ሲያስረዳኝ፣ በትህትና የመለስኩ መስሎኝ «ዋካሪማሺታ ዮ» አልኩት። «ገባኝ እኮ!» እንደማለት ነው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ አጠገቤ የነበረችው ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ ደግሞ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መጋዘን ገባች።