የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ከብጣሽ ጨርቅ የሚሠራ የልጆች የፀጉር ማስያዣ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከልብስ ስፌት በሚተርፍ ብጣሽ ጨርቅ ለሴት ልጆች የፀጉር ማስያዣና የራስ ማሰሪያ ስለ መሥራት የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነ የሚተርፈውን ብጣሽ በማዳበሪያ እየሞላ ይሰጠኛል። ለ4 እና ለ7 ዓመት ልጆቼ ውስጡ ላስቲክ ያለው ሽብሽብ የፀጉር ማስያዣ ስሠራ አንዳንዱ ያምራል፤ አንዳንዱ ግን ጠርዙ ይተረተራል፣ ወይም አንድ ጊዜ ሲታጠብ ተኮማትሮ ይበላሻል። የትኛውን ጨርቅ ልምረጥ? ልኩስ ምን ያህል ይሁን?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህታችን፣ ከገለጹልን እንደምንረዳው ችግሩ የስፌትዎ ሳይሆን የጨርቁ ነው። ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት የሚወጣ ብጣሽ የዩኒፎርም ቴትሮን፣ የሸሚዝ ፖፕሊን፣ የሙሽራ ሳቲንና የጂንስ ቁራጭ ተደበላልቆበት የሚመጣ በመሆኑ፣ ግማሽ ቀን ቢወስድብዎትም መቀስ ከማንሳትዎ በፊት ይለዩት። በመጀመሪያ ጨርቁን በእጅዎ ጨብጠው ይልቀቁት፤ እንደ ተጨማደደ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ጥጥ ሲሆን፣ ወዲያው የሚዘረጋው ሰው ሠራሽ ክር የበዛበት ነው። ከተጠራጠሩ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዘው፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ውኃ በያዘ ሳህን ላይ ያቃጥሉት። ጥጥ ቶሎ ይነድና የተቃጠለ ወረቀት ሽታ እየሸተተ በጣት ሲነካ የሚበተን ግራጫ አመድ ይተዋል። ቴትሮንና መሰሎቹ ግን ከእሳቱ ሸሽተው ይኮማተራሉ፣ ይቀልጣሉ፣ ሲቀዘቅዙም የማይፈርስ ደረቅ ጓል ይሆናሉ። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ሁለት ዓይነት ምልክት ካሳየ ቅይጥ ነው።

መለየቱ የሚጠቅመው ለጠርዙም ለእጥበቱም ነው። የሰው ሠራሽ ጨርቅ ጠርዝ ወደ ሻማ ነበልባል ሳይነካ ጠጋ ሲደረግ ስለሚቀልጥ መተርተሩን ያቆማል፤ ነገር ግን የቀለጠው ጠርዝ ሲደርቅ ሻካራ ስለሚሆን የልጅን ራስ እንዳይቧጭር የግድ በስፌቱ ውስጥ ተደብቆ መቅረት አለበት። ጥጥ ግን ይነድዳል እንጂ አይቀልጥም። ስለዚህ የጥጥ ጠርዝ በዚግዛግ ይሰፋል፤ ዚግዛግ የሚሠራ መኪና ከሌለ በእጅ ይዘመዘማል። ከመሰፋቱ በፊትም በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሊተኮስ ይገባዋል፤ መኮማተር ያለበት ያን ጊዜ ይኮማተር። የእርስዎ ተኮማትሮ የተበላሸው ይህ ስለ ቀረበት ይመስለናል። ደማቅ ቀለም ያላቸውን ደግሞ አርጥበው በነጭ ጨርቅ ጫን አድርገው ያሹአቸው፤ ነጩ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ቀለሙ መልቀቁን እስኪያቆም ድረስ ደጋግመው ያጥቡት፤ አልቆም ካለ ለልጅ ራስ አይሆንም። ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለም ያስይዛል እየተባለ ይነገራል፤ የፋብሪካ ቀለም ላይ ግን አይታመኑበት።

የእኛ ምርጫ ስስና ለስላሳ የጥጥ ፖፕሊን ነው። ልጆችዎን ራሳቸውን ቅቤ የሚቀቡ ከሆነ ምርጫው ይበልጥ ይጠነክራል፤ ቅቤው ማስያዣው ውስጥ ገብቶ ሲሰነብት ይሸታልና፣ በሙቅ ውኃ ደጋግሞ መታጠብ የሚችል ጨርቅ ያስፈልጋል። ፀጉሯ ደረቅና ቶሎ የሚሰባበር ለሆነች ልጅ ግን ጥጥ የፀጉሩን ቅባት ስለሚመጥ፣ ከሙሽራ ልብስ የተረፈው ሳቲን ይሻላታል፤ ይንሸራተታል፣ ፀጉር አይያዝበትም። ጂንስና ወፍራም ካኪ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ሽብሽቡ አይሰበሰብም።

ለልኩ፣ ርዝመቱ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ለሁለቱም ልጆችዎ ይበቃል። ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ላስቲክ 16 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ፤ ጨርቁ ከላስቲኩ ከእጥፍ በላይ ሲረዝም ነው ሽብሽቡ ሞላ የሚለው። ጨርቁን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገው በቁመቱ እጠፉትና ረጅሙን ጎን ከዳር 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ይስፉት፤ በመርፌ ቁልፍ እየጎተቱ ይገልብጡት። ከዚያም መርፌ ቁልፉን ላስቲኩ ጫፍ ላይ ሰክተው ያሳልፉ፤ ሌላኛው ጫፍ ተስቦ እንዳይገባ ከጨርቁ ጋር ያያይዙት። ሁለቱን የላስቲክ ጫፎች አያቋጥሯቸው፤ ቋጠሮ ልጅ ስትተኛ ይቆረቁራል፣ ይፈታልም። አንዱን በሌላው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ደርበው አራት ማዕዘን እየዞሩ ይስፉ፤ ጠንክረው ስበው ካልለቀቀ በኋላ ብቻ የጨርቁን አንድ ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው፣ ሌላውን በውስጡ አስገብተው፣ በማይታይ ስፌት ይዝጉት። ብጣሹ አጭር ከሆነብዎ ሁለትና ሦስት ቁራጭ መቀጠል ይቻላል፤ እንዲያውም ቀለማቸው የሚስማማ ቁርጥራጮች ሲቀጣጠሉ ከአንድ ወጥ ጨርቅ ይበልጥ ያምራሉ።

ጥያቄ፦ ካረጀ ነጠላና ከሐበሻ ቀሚስ የተረፈ ጥለት አለኝ። ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ለሚሉት ልጆች የራስ ማሰሪያ እንዲሆን ስቆርጠው ግን ጥለቱ በእጄ ላይ ተበታተነብኝ። መላ አለው?
ከአንኮበር

መልስ፦ አለው፤ ይህ ጥያቄም በጣም ደስ አሰኝቶናል፤ የሸማኔ እጅ ያረፈበት ጥለት ከልብሱ ጋር ተጥሎ ሲቀር ማየት ያሳዝናልና። የነጠላ ጥለት የሚሠራው ባለ ቀለም ማግ በነጩ ድር መካከል እየገባ ነው። የእጅ ሽመና ደግሞ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ የጠበቀ ስላልሆነ፣ መቀሱ ጥለቱ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ማጉን የሚይዝለት ነገር አይኖርም፤ አንድ በአንድ ተንሸራትቶ ይወጣል። ስለዚህ ከመቁረጥዎ በፊት ይስፉ። ከጥለቱ በላይና በታች ነጩን ሸማ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይተዉለት፤ በሚቆረጠው መስመር ውስጥ በኩል በአራቱም ጎን ድቅቅ ባለ ስፌት ሁለት ጊዜ ይመላለሱበት፤ ከስፌቱ ውጭ ይቁረጡ። አሮጌውን ነጠላ አስቀድመው ወደ ብርሃን ይዘው ይዩት፤ ሳስቶ የሚያሳየው ቦታ ስፌት አይሸከምም።

ጥለት ወፈር ስለሚል ለሽብሽብ አይሆንም፤ ውበቱም በእጥፋቱ ውስጥ ይጠፋል። ጠፍጣፋ የራስ ማሰሪያ ያድርጉት። የልጅቱን ራስ ከግንባሯ በላይ፣ ከጆሮዋ ኋላ አድርገው እስከ ማጅራቷ ዙሪያውን ይለኩ። ዙሪያው ለምሳሌ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጥለቱ ተሠርቶ ሲያልቅ 36 ሴንቲ ሜትር፣ ከማጅራቷ ላይ የሚውለው ላስቲክ ሳይሳብ 11 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በድምሩ 47 ስለሚሆን በልኩ ይይዛል፣ አያጠብቅም። ሳባ ክር ያለበት ጥለት ያብለጨልጫል፤ ግን ይሻክራል፣ ፀጉርም ይይዛል። ስለዚህ ከስሩ ለስላሳ ነጭ ፖፕሊን ወይም ንጹሕ አቡጀዲ ገበር ያድርጉለት። የተዉትን ነጭ ሸማ ወደ ውስጥ አጥፈው ከገበሩ ጋር ሲሰፉት የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ይሸፈናል፤ ላስቲኩንም ላልቶ እንዳይወጣ በገበሩና በጥለቱ መካከል በሁለቱም ጫፍ (ከ11 ሴንቲ ሜትሩ ውጭ) 2 ሴንቲ ሜትር አስገብተው ይስፉት። ቀይና ጥቁር ጥለት በእጥበት ወደ ነጩ እንዳይሄድ በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው ይታጠብ፤ እንደ ረጠበ ታጥፎ አይደር።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለታናናሽ እህቶቼ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው የፀጉር ጌጥ ልሠራላቸው እፈልጋለሁ፤ የስፌት መኪና ግን የለንም። በእጅ ሊሠራ ይችላል?
ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ በደንብ ይችላል፣ ልጄ፤ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ እጅ ከመኪና ይበልጥ ይታዘዛል። 16 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ቁረጪና ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገሽ በቁመቱ እጠፊው፤ ረጅሙን ጎን መርፌውን በየስፌቱ ወደ ኋላ እየመለስሽ ስፊ። እንዲሁ ወደ ፊት ብቻ የተሸለለ ስፌት ሲሳብ ይላላል፤ ወደ ኋላ የተመለሰው ግን ከመኪና ስፌት የማይተናነስ ጥንካሬ አለው። ገልብጪው፤ ስፌቱ ከኋላ መሐል ላይ እንዲውል አስተካክለሽ ተኩሺው። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ወደ መሐል አምጥተሽ 1 ሴንቲ ሜትር ደራርቢና በክር ያዢያቸው። ቢራቢሮውን ቢራቢሮ የሚያደርገው ቀጥሎ ያለው ነው፤ መሐሉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ ይዘሽ መጀመሪያ ወደ ፊት አንድ እጥፋት፣ ከዚያ ከላይና ከታች ወደ ኋላ አንዳንድ እጥፋት አድርጊና ክሩን ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥመሽ አጥብቂው። እጥፋቱ እኩል ካልሆነ አንዱ ክንፍ ይወድቃልና፣ ከመጠምጠምሽ በፊት ከፊት ለፊት እይው። 4 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሌላ ቁራጭ ደግሞ ሁለቱን ረጃጅም ጠርዞች ወደ መሐል፣ እንደገና እላዩ ላይ አጥፈሽ 1 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው መቀነት አድርጊውና በመሐሉ ዙሪያ አዙረሽ ከኋላ ስፊው።

በሽቦ ክሊፕ ላይ የምታደርጊው ከሆነ በሙጫ ብቻ አትለጥፊው፤ በእናንተ አገር ሙቀት ሙጫ ይላላል። መቀነቱ ክሊፑን አብሮ እንዲያቅፍ አድርገሽ ስፊው። ከእህቶችሽ መካከል ከ3 ዓመት በታች የሆነች ካለች፣ ዶቃም ሆነ ቁልፍ አትስፊባት፤ ክሊፕም ይቅርባት። ትንሽ ልጅ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ስለምትከት፣ የተነቀለ ዶቃ ጉሮሮ ይዘጋል። ለእርሷ ከጨርቅ ብቻ የተሠራው ይበቃታል።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ በጆሮ ግንዷ አካባቢ ፀጉሯ እየሳሳ ነው። እናቷ በየቀኑ ፀጉሯን በላስቲክ አጥብቃ ወደ ኋላ ታስረዋለች። ምክንያቱ እርሱ ይሆን? የጨርቅ ማስያዣ ብንለውጥላት ይመለሳል?
አባት፣ ከደብረ ሲና

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህን አስተውለው መጠየቅዎ መልካም ነው። ፀጉር ለብዙ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ተስቦ ሲታሰር ሥሩ ይጎዳል፤ መጀመሪያ የሚሳሳውም ግንባር ዳርና ጆሮ ግንድ ላይ ያለው ነው። በጣም የጠበቀ ሹሩባም እንዲሁ ያደርጋል። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ላይመለስ ይችላል። ዋናው መሳቡ ነው፤ ማስያዣው ጨርቅ ሆኖም አጥብቀው ካሰሩት ያው ነው። ገንዘብ የሚታሰርበትን ራቁቱን ላስቲክ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ሲፈታ ፀጉር ነቅሎ ይወጣል። የጨርቁን ማስያዣ ላላ አድርገው፣ በሥሩ ጣት እንዲገባ ትተው፣ አንድ ቀን ከላይ፣ አንድ ቀን ዝቅ ብሎ ይታሰርላት፤ ሌሊት ይፈታላት፤ በሳምንትም የተወሰነ ቀን ሳይታሰር ይዋል።

የሳሳው ቦታ ቅርፊት ካለው፣ የሚያሳክካት ከሆነ ወይም ፀጉሩ ከሥሩ ተቆርጦ ከታየ ግን ቆረቆር ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ቆረቆር በሚዋጥ መድኃኒት የሚታከም እንጂ በቅባት ብቻ የሚድን አይደለም። ከልጅ ወደ ልጅ በማበጠሪያ፣ በኮፍያና በፀጉር ማስያዣ ይተላለፋልና፣ በቤታችሁ ያሉ ልጆች ሁሉ የየራሳቸው ማስያዣ ይኑራቸው።

ጥያቄ፦ የብርድ ጊዜ ልጆች ጆሯቸውን የሚሸፍን ማሰሪያ ካረጀ የመንዝ በግ ፀጉር ባና ሊሠራ ይችላል?
ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ይችላል፤ ከዚያ የሚሞቅም አይገኝም። ጆሮ እንዲሸፍን ወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ባና በቀጥታ ቆዳ ላይ ሲውል ስለሚያሳክክ ውስጡን በሙሉ በለስላሳ ጥጥ ይገብሩት። ሙቅ ውኃና ማሸት ሱፍን አጠጋግቶ ያሳጥረዋልና፣ በቀዝቃዛ ውኃ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ይታጠብ፤ ሳይሰቀል ተዘርግቶ ይድረቅ።

ጥያቄ፦ ሠርቼ መሸጥ ጀምሬያለሁ። ብጣሹን በነፃ ስለማገኘው ርካሽ አድርጌ እሸጣለሁ፤ ነገር ግን የድካሜን ያህል አላገኝም። ዋጋ እንዴት ልተምን?
ከአረርቲ

መልስ፦ እህታችን፣ ብጣሹ በነፃ ቢገኝም ሥራው ነፃ አይደለም። አንድ ሜትር ላስቲክ በ16 ሴንቲ ሜትር ሲቆረጥ 6 ማስያዣ ስለሚያወጣ የላስቲኩን ዋጋ ለ6 ያካፍሉ፤ ክሩን፣ ሳሙናውንና የካውያውን መብራት ይጨምሩበት። ከዚያም አንድ ሙሉ ቀን ሠርተው ስንት እንደሚወጣልዎ ይቁጠሩና፣ በአካባቢዎ ለአንድ ቀን የስፌት ሥራ የሚከፈለውን ለዚያ ቁጥር ያካፍሉ። የሁለቱ ድምር መነሻ ዋጋዎ ነው፤ ከዚያ በታች አይሽጡ። አንድ በአንድ ጀምሮ ከመጨረስ ይልቅ መጀመሪያ ሁሉንም ቆርጦ፣ ቀጥሎ ሁሉንም ሰፍቶ፣ በመጨረሻ ላስቲኩን ማስገባት ቀኑን በእጅጉ ያሳጥረዋል። እናቶች ፀጉር ለሁለት ከፍለው ስለሚያስሩ ጥንድ ጥንድ አድርገው ያቅርቡ። ገበያው የሚደራው ለእንቁጣጣሽ፣ ለትምህርት መክፈቻና ለጥምቀት ስለሆነ፣ የመስከረሙን ዕቃ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሠርተው ይጨርሱ። ብጣሹን ለሚሰጥዎ ልብስ ሰፊም ከአሁኑ ትንሽ ክፍያ ይቁረጡለት፤ የጥጡን ቁራጭ ከሌላው ለይቶ፣ ተለቅ ተለቅ ያለውን ሳይረግጠው እንዲያስቀምጥልዎ ያን ጊዜ ደፍረው መጠየቅ ይችላሉ።