ጅምር መጻሕፍትና ጅምር ወሬ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ለዓምዱ ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ሁለት ሦስት መጽሐፍ ጎን ለጎን ስለማንበብና ሳይጨርሱ አስተያየት ስለመስጠት የሚጠይቁ ናቸው። ስለዚህ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ አራት መጽሐፍ ጀምሬያለሁ። ሁለቱ በጣልያን ወረራ ዘመን ላይ የተጻፉ ልቦለዶች፣ አንዱ የዚያው ዘመን አርበኛ ግለ ታሪክ፣ አንዱ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ነው። ማታ ማታ እጄ የገባውን አነሣለሁ። አሁን የአንዱ መጽሐፍ ቀኛዝማች ሌላው ውስጥ እየገባ አስቸግሮኛል። አንድ አንድ እያልኩ ማንበብ ይሻለኛል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የተቸገሩት በቁጥሩ ሳይሆን በመመሳሰሉ ነው። ከአራቱ ሦስቱ ስለ አንድ ዘመን የሚያወሩ ናቸው፤ ጫካው፣ ጦሩ፣ ማዕረጉ አንድ ነው። የአማርኛ ልቦለድ ደግሞ በስም በኩል ለአንባቢ አይራራም። አንዱ ሰው በስሙ፣ በፈረስ ስሙ፣ በማዕረጉና በቅጽል ስሙ ይጠራል። ይባስ ብሎ ገጽ 40 ላይ ግራዝማች የነበረው ገጽ 200 ላይ ቀኛዝማች ሆኖ ይመጣል። እንዲህ ያሉ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ሳምንት ሲነበቡ ቢደበላለቁ አይገርምም።

ከሁለቱ ልቦለዶች ብዙ የገፉበትን ይያዙ፤ ሌላውን ያሳድሩት። ግለ ታሪኩም ልቦለዱ እስኪያልቅ ይቆይ። መድበሉ አብሮ ይሂድ፤ አንዱ ታሪክ በአንድ ቁጭታ ስለሚያልቅ ለነገ የሚተርፍ ዕዳ የለበትም። ሦስተኛ ከፈለጉ ከዘመኑም ከዓይነቱም የራቀ ይምረጡ፤ የእርሻ፣ የጤና ወይም የቋንቋ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ መደበላለቁ ይበልጥ ይቀንሳል። በእኛ ግምት ሥራ ላለው ሰው ከሦስት በላይ መያዝ መጽሐፍ ማንበብ ሳይሆን መጽሐፍ ማዞር ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡን ይሥሩ። ሰዓት ይዘው 20 ደቂቃ ያንብቡና ስንት ገጽ እንደሄዱ ይቁጠሩ። 12 ገጽ ነው እንበል። 450 ገጽ ያለው ልቦለድ በየቀኑ 20 ደቂቃ ቢሰጡት በ38 ቀን ያልቃል። ከሌሎች ሁለት መጻሕፍት ጋር እኩል ተራ ካስያዙት ግን በሦስት ቀን አንዴ ብቻ ስለሚደርሰው 113 ቀን ይፈጃል፤ አራት ወር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያው ጠፍቷል። ስለዚህ እኩል አያካፍሉ። ከሳምንቱ አምስቱን ምሽት ለልቦለዱ፣ ሁለቱን ለቀሩት ይስጡ፤ ስምንት ሳምንት ሳይሞላ ያልቃል።

ዕልባቱን ደግሞ ሥራ ያሠሩት። አንድ ኤ4 ወረቀት በቁመቱ አራት ቦታ ሲቆረጥ ወርዱ 5 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ አራት ቁራጭ ይወጣዋል። እያንዳንዱን መሐል ለመሐል ሲያጥፉት ለመጽሐፍ የሚበቃ ዕልባት ይሆናል። በውጭው ገጽ ስሞችን ይጻፉ፤ ስም፣ ሌላ መጠሪያ፣ የማን ምን እንደሆነ፣ መጀመሪያ የታየበት ገጽ። በውስጠኛው መጽሐፉን ከመዝጋትዎ በፊት ሦስት አጭር መስመር ያስፍሩ፦ የት ነን? አሁን ምን ሆነ? ምን እየጠበቅሁ ነው? ከሦስቱ ሦስተኛውን አይዝለሉ፤ ከቀናት በኋላ ወደ ታሪኩ የሚመልስዎ እሱ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ማጠቃለያ መጻፍ ሲጀምር ነው። በሳምንቱ ይሰለችና ሁሉንም ይተወዋል። በእርሳስ ይጻፉ፤ በስስ ወረቀት ላይ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ገጹ ያልፋል።

መጽሐፉን ሳይነኩ አምስት ቀን ካለፈ ያቆሙበትን ሁለት ገጽ ደግመው ያንብቡ፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ የምዕራፉን መጀመሪያ ይያዙ። ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ ነገር ግን እየተደናገሩ 30 ገጽ ከመሄድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የንባብ ቡድናችን በወር አንድ መጽሐፍ ያነባል። ገጽ 60 ላይ ሆኜ «አሰልቺ ነው» አልኩ። ጨርሼው ስመለከት ግን ከወደድኳቸው አንዱ ሆነ፤ ቃሌን ማጠፍ አሳፈረኝ። ሳይጨርሱ አለመናገር ነው የሚሻለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዝም ማለት አይሻልም። የመጀመሪያው ስሜት መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ተመልሶ የማይገኝ ነገር ነው፤ መጨረሻውን ያወቀ ሰው መጀመሪያውን እንዳላወቀ ሆኖ ማንበብ አይችልም። ችግሩ ግማሽ መንገድ ላይ የተሰጠው አስተያየት እንደ ፍርድ ሲነገር ነው።

እስከ ገጽ 60 በእርግጠኝነት ሊናገሩባቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ፤ ቋንቋው፣ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት፣ ተራኪው ማን እንደሆነና ምን ያህል እንደሚያውቅ፣ የፊደል ግድፈቱ ብዛት፣ የሰዎቹ ንግግር የአገሩን አነጋገር ይመስል እንደሆነ። ገና የማይነኩ ነገሮችም አሉ፤ የታሪኩ አወቃቀር፣ የአንድ ገጸ ባሕሪ እውነተኛ ማንነት፣ «ይህ ምዕራፍ ለምን ገባ?» የሚለው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያስቡ። መጽሐፉ የሚከፈተው በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ሳይሆን በበዛብህ ወላጆች፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ነው። እዚያ ላይ የቆመ አንባቢ «ይህ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ታሪክ ነው» ቢል አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። «ስለዚህ የፍቅር ታሪክ አይደለም» ካለ ግን ያላየውን ተናገረ።

ስለዚህ አስተያየትዎ ሁልጊዜ የቆሙበትን ቦታ ይዞ ይውጣ። ለምሳሌ፦ «እስከ ምዕራፍ 4 ደርሻለሁ። ተራኪው ልጅ ስለሆነ ያየውን እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም፤ ይህን ወድጄዋለሁ። አባትየው ከምን እንደሚሸሽ ገና አልገባኝም።» እንዲህ የተናገረ ሰው በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ የሚያፍርበት የለም። «አሰልቺ ነው» ብሎ የጀመረ ግን ቀሪውን መጽሐፍ የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል እንደነበረ ማስረጃ ለመልቀም ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ብዙ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ የሚያነቡ ሰዎች በተለይ ይወድቁበታል። ልብ የሚሰቅል የስለላ ልቦለድ አንብበው ወዲያው ዝግ ያለውን ሲያነሡ ዝግ ያለው የባሰ ዝግ ይልባቸዋል። መጽሐፉ ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋው ተራው ነው። «አሰልቺ» የሚለው ቃል አፍዎ ላይ ሲመጣ በሚቀጥለው ቀን ያንኑ መጽሐፍ ከሁሉ በፊት፣ ሳይደክምዎት፣ 15 ገጽ ያንብቡት። አሁንም ከሰለቸዎት ቃሉ የእርስዎ ነው፤ ይናገሩት።

ለቡድኑም አንድ ሐሳብ እንስጥ። በወሩ መጀመሪያ ላይ፣ ሁሉም ሩብ ያህል ሲደርስ፣ አጭር ስብሰባ ያድርጉ። በዚያ ቀን «ጥሩ» እና «መጥፎ» የተከለከሉ ይሁኑ፤ እያንዳንዱ አንድ የወደደውን ዓረፍተ ነገርና አንድ ጥያቄ ይዞ ይምጣ። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ 12 ሰው ቢኖር 36 ደቂቃ ነው። ጥያቄዎቹን አንድ ሰው ይመዝግብና በወሩ መጨረሻ ያንብባቸው። ከሁሉ የሚጣፍጠው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ዝርዝር ነው።

ጥያቄ፦ ግማሾቻችን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግማሾቻችን አዲስ አበባ ሆነን በቴሌግራም እናወራለን። አንዱ ቀድሞ ይጨርስና መጨረሻውን ይዘረግፈዋል። የገጽ ቁጥራችንም አይገጥምም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የገጽ ቁጥሩ የማይገጥመው የያዛችሁት የተለያየ ጊዜ ኅትመት ስለሆነ ነው፤ ደጋግመው የታተሙ መጻሕፍት የፊደል መጠናቸውና የገጽ ብዛታቸው ይለያያል። በምዕራፍ ተነጋገሩ። ምዕራፉ ረጅም ከሆነ «ምዕራፍ 6፣ ከደብዳቤው በኋላ» እንደሚባለው አንድ ምልክት ጨምሩ።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ጽሑፍ መሸፈን ይቻላል። መልእክቱን ጽፈው ከመላክዎ በፊት የሚሸፈነውን ክፍል ተጭነው ይምረጡ፤ ከሚመጣው ዝርዝር የጽሑፍ ቅርጽ ማስተካከያውን፣ ከዚያ «ስፖይለር» የሚለውን ይንኩ። አንባቢው ካልነካው አይገለጥም። ነገር ግን ከሽፋኑ ውጭ የመጽሐፉን ስምና ምዕራፉን መጻፍ ግዴታ ነው። ያለዚያ ሰው ምን እንደሆነ ለማየት ብሎ ይነካዋል፤ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። «ማንንም አልጠራሁም፣ ግን አንድ ሰው ይሞታል» ብሎ መጻፍም መዘርገፍ ነው።

ጥያቄ፦ መኪና እየነዳሁ ትረካ አዳምጣለሁ፤ ማታ ሌላ መጽሐፍ አነባለሁ። ማዳመጡ ከማንበብ ይቆጠራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይቆጠራል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በጆሮው የጨረሰ ሕዝብ አለ፤ አላነበበም የሚለው ማን ነው? ሆኖም መንገድ ላይ ሐሳብ ይከፈላል፤ ወደ ኋላ መመለስም አይመችም። ስለዚህ ለመኪና ሰው የማይበዛበትን ታሪክ ወይም ቀድሞ ያነበቡትን ይምረጡ፤ ሐተታ የበዛበትን ለጠረጴዛ ያስቀሩት። መኪናውን አቁመው ከመውረድዎ በፊት የደረሱበትን ደቂቃ በስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።

ጥያቄ፦ የጀመርኩትን መጽሐፍ ለጓደኞቼ ሳስተዋውቅ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በስልክ ፎቶ አንሥቼ ብልክላቸው ችግር አለው? (ስም አልተጻፈም)

መልስ፦ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲውንና ምንጩን ጠቅሶ አጭር ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል፤ ሙሉ ምዕራፍ ግን ጥቅስ አይባልም። አንድ አንቀጽ ይምረጡ፣ የደራሲውን ስምና ገጹን ይጻፉ፣ ከሥሩ ለምን እንደመረጡት ሁለት መስመር ይጨምሩ። ጓደኛዎ ከ20 ገጽ ፎቶ ይልቅ ያችን አንቀጽ የማንበቡ ዕድል ይሰፋል።

ጥያቄ፦ አልጋዬ አጠገብ ሰባት ጅምር መጽሐፍ አለ። የትኛውን ልተው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሰባቱንም ጠረጴዛ ላይ ያውጡ። ሳይገልጡ የእያንዳንዱን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ይሞክሩ። መናገር ያቃተዎትን ወደ መደርደሪያ ይመልሱ፤ አንድ ቀን ከገጽ 1 ይጀመራል። ከቀሩት ውስጥ «ቀጥሎ ምን ይሆን?» የሚያሰኙዎትን ሁለት ወይም ሦስት ያስቀሩ። በሌሎቹ ውስጥ ቀን፣ የቆሙበት ገጽና የተዉበት ምክንያት የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ያስገቡ፤ «ጊዜ አጣሁ» እና «ተራኪውን አላመንኩትም» አንድ አይደሉምና ምክንያቱን በደንብ ይለዩት። ከሰው የተዋሱት ካለ በዚያው ሳምንት ይመልሱ።